የአሥራ ሰባት ቁጥር ዘር

ኅዳር 3፣ ሰኞ

ይህ ደብተር የላቦራቶሪ ነው፤ ገጾቹ ቁጥር አላቸው፣ ገንጥሎ መጣል አይቻልም። ከዕቃ ክፍል ሁለት ሰጡኝና አንዱን ለሥራ፣ አንዱን ለራሴ አስቀረሁት። ሰው ሃምሳ ሊሞላው ሲል ማስታወሻ መጻፍ ከጀመረ ወይ ፍቅር ይዞታል ወይ ታሟል ይባላል። እኔ ሁለቱም የሉብኝም። እንቅልፍ ብቻ ነው እንቢ ያለኝ።

ዛሬ ውጤቱ መጣ። ሁለት ዓመት ሙሉ የአንድ ጥድ ጂኖም ለማንበብ ስንደክም ነበር። ጂኖም ማለት ያ ዛፍ እንዴት ዛፍ እንደሚሆን የተጻፈበት ሙሉ ጽሑፍ ነው። የኛ ጥድ ጽሑፍ ከሰው ሰባት እጥፍ ገደማ ይረዝማል፤ ዛፉ ከኛ ስለሚበልጥ አይደለም፣ መጣል ስለማይሆንለት ነው። በውስጡ ራሳቸውን እየገለበጡ የሚባዙ ቁራጮች አሉ። ሌላው ፍጡር ቀስ በቀስ ያራግፋቸዋል፤ ጥድና ዘመዶቹ ግን ለብዙ ሚሊዮን ዓመታት ታቅፈዋቸው ይኖራሉ። የታላቅ እህቴን ቁም ሣጥን ያየ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል።

አራት ሰዓት ገደማ የላቦራቶሪያችን ኃላፊ፣ ፕሮፌሰሩ፣ እጃቸውን እያጨበጨቡ በኮሪደሩ መጡ። «ድርብ ነው! ዛፉ ድርብ ነው!» እያሉ። ከጂኖቹ አብዛኞቹ ሁለት ሁለት ቅጂ ሆነው ወጥተዋል፤ የሚመሳሰሉ፣ ግን አንድ ያልሆኑ። ይህም ማለት ዛፉ በዘመናት ውስጥ አንድ ጊዜ ሙሉ ጽሑፉን በእጥፍ አድርጎ ሁለቱንም ይዞ ቀርቷል ማለት ነው። አበባ ባላቸው ዕፅዋት ይህ የተለመደ ነው፤ በጥድ ወገን ግን ብርቅ ነው። እውነት ከሆነ መማሪያ መጻሕፍት ይታረማሉ፣ ፕሮፌሰሩም በጭብጨባ ጡረታ ይወጣሉ።

የተነበበው አንድ ዘር ነው። ሃያ ዘር ከፍቼ ነበር፤ ከሃያው ብዙ ዲኤንኤ የሰጠው አሥራ ሰባት ቁጥር ስለሆነ እሱ ተመረጠ። ሰኔ አሥራ አንድ ቀን የከፈትኩት ነው። ሁሉም እየመጡ እጄን ጨበጡኝ።

ኅዳር 5፣ ረቡዕ

ዛሬ ለአዲስ ሠራተኞች ሥራዬን ሳስረዳ ዋልኩ። እዚህም ልጻፈው፤ መጻፍ እጅ ያረጋጋል።

የጥድ ዘር ቅርፊቱ ሲነሳ ውስጡ ነጭ ነው። ያንን ነጭ ነገር እኛ ስንቅ እንለዋለን፤ እናት ዛፍ ለልጇ የቋጠረችው ምግብ ነው። ከስንቁ መሀል ፅንሱ ተኝቷል፣ ከሩዝ ፍሬ ያነሰ። የጥድ ስንቅ አንድ ደግ ጠባይ አለው፤ ከእናት ብቻ የመጣ ነው፣ ጽሑፉም አንድ ቅጂ ብቻ ነው። ፅንሱ ግን የአባትም አለበት። አባትየውን ነፋስ ስለሚያመጣው ማን እንደሆነ አይታወቅም። ስለዚህ ንጹሕ ንባብ የፈለገ ሰው ስንቁን ያስቀራል፣ ፅንሱን ያወጣል። ማይክሮስኮፕ ሥር፣ በምላጭና በወረንጦ። ስንቁ በአንድ ቱቦ፣ ፅንሱ በሌላ ቱቦ፣ በሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር፣ ሁለቱም ወደ ፍሪዘር። ፅንሱን የምናስቀምጠው ማውጣታችን እንዲታወቅ ነው።

ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቼዋለሁ። አንዷ አዲስ ገቢ «ፅንሱ የሚረሳበት ጊዜ የለም?» ብላ ጠየቀችኝ።

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ነው» አልኳት። «እዚህ ግን የፈሰሰ አይለቀምም።»

ሳቁ። ጥሩ ትምህርት ነበር።

ኅዳር 8፣ ቅዳሜ

እህቴ ቤት ምሳ። እትዬ ነው የምላት፤ በሰባት ዓመት ትበልጠኛለች፣ እኔን እስከ ዛሬ ሚጣ ትለኛለች። እማዬ እስክታርፍ ድረስ የኖረችው ከእሷ ጋር ነው።

ሁለት ጎረቤቶች ተቀምጠው አገኘሁ። እትዬ ገና በሩን ስትከፍት «ይኸው መጣች፣ ዛፉን ጉድ ያሰኘችው!» አለች። ከዚያ ለጎረቤቶቹ ነገሩን አስረዳቻቸው፤ እንደ እሷ አስረዳድ እኔ ዛፉን ራሴ የወለድኩት ነው የሚመስለው።

«እማዬ ያረፈች ዕለት የሠራችው እኮ ነው» አለች።

«ለዚህ ነዋ ያልደረስሽው» አለችኝ አንዷ ጎረቤትና አፏን ያዘች።

«ታዲያስ! በከንቱ የቀረች መሰለሽ?» አለች እትዬ። «ከዚያ ክፉ ቀን አንድ ደግ ነገር ወጣ።»

የዚያን ቀን ነገር እንዲህ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወረንጦ እንደያዝኩ ስልክ ጮኸ። እትዬ ነች። «እማዬ ደክማለች፣ ነይ» አለችኝ። የተከፈተ ዘር ይደርቃል፣ አይጠብቅም። «የያዝኩትን ልጨርስና» አልኳት። አርባ ደቂቃ ቆየሁ። መንገዱ ተዘጋግቶ ነበር። አሥራ አንድ ሰዓት ስደርስ እትዬ በር ላይ ቆማ «አሁን ነው፣ ግማሽ ሰዓት ቢሆነው ነው» አለችኝ።

ስሌቱ ቀላል ነው። ወዲያው ብነሳ አሥር ደቂቃ ይተርፈኝ ነበር።

ዘሩ ግን ጥሩ ዘር ነው።

ኅዳር 12፣ ረቡዕ

ስሌት የሚሠራልንን ባልደረባ ከኋላውም ከፊቱም «አቶ ግን» ነው የምንለው። ያለ «ግን» ወሬ መጀመር አይችልም። ሰው ኬክ ሲቆርስ እንኳ «ግን ይሄ ቢላ ታጥቧል?» ይላል። እማዬ ስታርፍ ሦስት ሳምንት ሥራዬን ደርቦ የሠራልኝ እሱ ነው። አልጠየቅኩትም፣ ከተመለስኩም በኋላ አላነሳብኝም።

ዛሬ ወንበር ጎትቶ አጠገቤ ተቀመጠ።

«ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ዛፉ ድርብ ከሆነ ሁለቱ ቅጂዎች እኩል መነበብ የለባቸውም?»

«አለባቸው።»

«ግን እኩል አይደሉም። አንደኛው ሦስት ጊዜ ሲነበብ ሁለተኛው አንድ ጊዜ ነው። ከዳር እስከ ዳር፣ ሦስት ለአንድ።»

«ማሽኑ አዳልቶ ይሆናላ።»

«ማሽን ሲያዳላ እዚህም እዚያም ይረግጣል። ይሄ ግን ሥርዓት ያለው ነገር ነው።»

ሻይ ላምጣልህ ወይ አልኩት። ስኳር እንደማይወድ እያወቅሁ ሁለት ማንኪያ ጨመርኩበት።

ኅዳር 13፣ ሐሙስ

ሦስት ለአንድ።

ስንቁ ሙሉውን የእናት ነው። ፅንሱ ግማሹ የእናት፣ ግማሹ የአባት። እኩል ቢቀላቀሉ የእናት ሦስት እጅ፣ የአባት አንድ እጅ ይመጣል። ትንሽ ፍርፋሪ ቢቀር ይህን ያህል አይሆንም። ሙሉ ፅንስ መሆን አለበት። ፅንስ ያለበት ዘር ደግሞ ዲኤንኤው ይበዛል።

ይህን እንዲሁ ለማሰላሰል ያህል ነው የጻፍኩት። ያን ቀን አልቸኮልኩም። አርባ ደቂቃ የቸኮለ ሰው ጊዜ አይደለም።

ኅዳር 18፣ ማክሰኞ

ስብሰባ። ፕሮፌሰሩ ለጉባኤ የሚያቀርቡትን ንግግር አነበቡልን። ድምፃቸው የሠርግ ሽማግሌ ድምፅ ሆኗል። ሲጨርሱ አስተያየት ጠየቁ፤ አስተያየት የጠየቀ ሰው ምስጋና ነው የሚፈልገው።

«ግን ፕሮፌሰር» አለ አቶ ግን፣ «ፅንሱ ከስንቁ ጋር ገብቶ ቢሆንስ? ያኔ ሁለተኛው ቅጂ የአባትየው ነው፤ ዛፉ አልተደረበም። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ አድርገናል ማለት ነው።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ።

ፕሮፌሰሩ አልሳቁም። «የእሷን እጅ ነው የምትጠረጥረው? የሃያ ሁለት ዓመት እጅ?»

«እጇን አይደለም፣ ቁጥሩን ነው። ታትሞ ከወጣ በኋላ ከምናፍር ሳይቃጠል በቅጠል ብዬ ነው።»

«አንተ ሰው፣ ገነት ብትገባም በሩ ይጮኻል ትላለህ» አሉት።

ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። «ፅንሱን አውጥቻለሁ» አልኩ። ድምፄ ጥሩ ነበር። እኔ ራሴ ከሌላ ሰው ብሰማው አምነው ነበር።

ኅዳር 21፣ ዓርብ

ፍሪዘር ክፍል ሦስት ጊዜ ሄድኩ። መጀመሪያ ሌላ ዕቃ ላመጣ። ሁለተኛ ቅዝቃዜውን ላይ፤ ከዜሮ በታች ሰማንያ፣ ደህና ነው። ለሦስተኛው ምክንያት አልነበረኝም። ሣጥኑን አልከፈትኩም።

እትዬ ደወለች። ስለ ዛፉ የሚታተመው ጽሑፍ መቼ ነው የሚወጣው አለችኝ። ለማኅበሯ ሴቶች ሁሉ ነግራለች። «እንግሊዝኛ ነው፣ አይገባቸውም» አልኳት። «ስምሽ ይገባቸዋል» አለች።

ኅዳር 26፣ ረቡዕ

ሣጥኑን ከፈትኩ።

ስንቅ 17፦ ለንባብ ተወስዷል፣ አልቋል። ፅንስ 17፦ ቱቦው ቦታው ላይ ነው። ቁጥሩ የኔ ጽሕፈት ነው፣ ክዳኑ በደንብ ተገጥሟል። ወደ መብራት አነሳሁት። ባዶ ነው። ገልብጬ መታ መታ አደረግኩት። ባዶ ነው።

የማስታውሰውን ልጻፍ። ስልኩን ዘጋሁ። ስንቁ ከነፅንሱ ማይክሮስኮፑ ሥር ነበር። ቀጥሎ የማስታውሰው ቱቦው ውስጥ ነው። በመካከል ያለው የለም። ከዚያ በኋላ ያለው ግን ቁልጭ ብሎ ይታየኛል። ጠረጴዛውን በአልኮል ጠረግኩ። እጄን ታጠብኩ። ምላጮቹን ቆጥሬ በየመጠናቸው ደረደርኩ። መዝገቡን ሞላሁ፣ «ፅንስ ወጥቷል» ብዬ ፈረምኩ። በመስኮቱ ላይ ያለውን አበባ ውሃ አጠጣሁ። እንደገና እጄን ታጠብኩ።

እንግዲህ አልቸኮልኩም ማለት ነው።

ኅዳር 28፣ ዓርብ

ከሥራ ሰዓት በኋላ ጥቂት ቆየሁ። ከዚያው ዛፍ የመጣ፣ ቁጥር ያልተሰጠው አንድ ዘር ተርፎ ነበር። ከፈትኩት። ፅንሱ ያለ ምንም ችግር ወጣ፤ እጄ አሁንም እጅ ነው። አሁን ሣጥኑ ውስጥ ባዶ ቱቦ የለም። ስንቅ ላለበት ሁሉ ፅንስ አለ። ሥርዓት ጥሩ ነገር ነው።

እራት አልበላሁም፣ ረሳሁት።

ታኅሣሥ 2፣ ማክሰኞ

አቶ ግን «ግን ሣጥኑን አንድ ጊዜ እንየው፣ ካየን ዝም እላለሁ» ብሎ ፕሮፌሰሩን ለመናቸው። ሦስታችን ሄድን። ፕሮፌሰሩ ጓንት አድርገው ፅንስ 17ን ራሳቸው አወጡት፣ ወደ መብራት ከፍ አደረጉት። ፅንሱ በቱቦው ጫፍ ነጭ ሆኖ ይታያል።

«ይኸው! ይሄስ ምንድን ነው፣ የአባትየው ጥላ ነው?» አሉት።

አቶ ግን መነጽሩን አውልቆ ጠጋ ብሎ አየው። መነጽሩን አደረገና እንደገና አየው። «እሺ» አለ። ያለ «ግን» ሲናገር ስሰማው የመጀመሪያዬ ነው።

ከሰዓት በኋላ ጠረጴዛዬ ድረስ መጣ። «ይቅርታ አድርጊልኝ» አለ። «እናትሽ ባረፉበት ዕለት የሠራሽውን ሥራ መጠርጠሬ ነውር ነው። በሰው ፊት ደግሞ።»

«ምንም አይደል» አልኩት።

ምንም አይደል! ይህን ቃል ከየት አመጣሁት?

ታኅሣሥ 3፣ ረቡዕ

ያንን ፅንስ ያነበበ ሰው ወዲያው ያውቃል። ከአንድ እናት የተወለደ ሌላ ልጅ ነው፤ የእናትየው ድርሻ ከአሥራ ሰባት ቁጥር ስንቅ ጋር አይገጥምም። ግን ማንም አያነበውም። የተጠራጠረው ሰው ይቅርታ ጠይቋል።

በሥራ መዝገባችን ስህተት አይፋቅም። አንድ መስመር ይሰመርበታል፣ ከሥር ያለው ይነበባል፣ የሰረዘው ሰው ይፈርማል። የሰኔ አሥራ አንድን ገጽ ዛሬ አየሁት። ምንም ስርዝ የለበትም፤ ከመዝገቡ ሁሉ እንደ እሱ ያማረ ገጽ የለም።

ታኅሣሥ 7፣ እሑድ

እትዬ ጋ። ሻይ ይዘን እንደተቀመጥን ሳላስበው «እማዬ በመጨረሻ ምን አለች?» አልኳት። ስድስት ወር ሊሞላ ነው፣ ጠይቄያት አላውቅም።

«ምንም። ዝም ብላ ነው» አለች።

«ስቃይ ነበረባት?»

«የሞተ ሰው ምን ስቃይ አለበት» አለችና ተነሥታ ብርጭቆ ማጠብ ጀመረች። ብርጭቆዎቹ ታጥበው የተደፉ ነበሩ። ጀርባዋን ሰጥታኝ «ዛፉን አስቢ፣ ዛፉን» አለችኝ። «ለእሱ ስትዪ ነው የቀረሽው። እማዬም ብትኖር ደስ ይላት ነበር።»

ለእሱ ስል ነው የቀረሁት። እሺ።

ታኅሣሥ 11፣ ሐሙስ

የፕሮፌሰሩ በር ገርበብ ብሎ ነበር። የሰው ኃይል ኃላፊዋ ውስጥ ነች። ሰምቼ ማለፍ እችል ነበር፤ ቆሜ ሰማሁ።

«ውሉ ጥር መጨረሻ ያበቃል። አይታደስም» ይላሉ ፕሮፌሰሩ። «ስሙንም ከጽሑፉ አውጥቻለሁ። ባላመነበት ነገር ላይ ስሙ ምን ይሠራል?»

«ምክንያቱ ምን ተብሎ ይጻፍ?»

«ያለ ማስረጃ የባልደረባን ስም አጉድፏል በዪ። ሰው ሁሉ የሰማው ነው።»

ደብዳቤው ሰኞ ይደርሰዋል። የአቶ ግን ሚስት ወሯ ገብቷል። ትናንት ኮሪደር ላይ የልጅ አልጋ ስለመግጠም ሲያወራ ነበር፤ «ግን ብሎኑ አንድ ይጎድላል» ሲል ሰምቼዋለሁ።

ታኅሣሥ 12፣ ዓርብ

ጎበዝ ሰው ነው። ሌላ ቦታ ያገኛል።

ይህን ጽፌ አየሁት። ሲነበብ ያስጠላል።

ከዚያ ደግሞ የኅዳር ስምንትን ገጽ ገልጬ አነበብኩ። «ዘሩ ግን ጥሩ ዘር ነው» ብያለሁ። ዘሩ መጥፎ ከሆነ ለእትዬ ምን እላታለሁ? ሌላው ሁሉ ይነገራል። ለፕሮፌሰሩ ይነገራል፣ ለአቶ ግን ይነገራል፣ ከሥራ ብባረርም እባረራለሁ። እትዬን ምን እላታለሁ?

ታኅሣሥ 15፣ ሰኞ

ጠዋት ሁለት ሰዓት፣ ጸሐፊዋ ሳትመጣ፣ ፕሮፌሰሩ ቢሮ ገባሁ። ተቀመጪ አሉኝ፤ አልተቀመጥኩም።

«አሥራ ሰባት ቁጥር ከነፅንሱ ነው የተነበበው» አልኩ። «አላወጣሁትም። ቱቦው ውስጥ ያዩት የሌላ ዘር ፅንስ ነው፤ ባለፈው ወር እኔ ነኝ የጨመርኩት። ዛፉ ድርብ አይደለም።»

የጠረጴዛቸውን ጠርዝ በአውራ ጣታቸው እየዳሰሱ ነበር።

«ማን ያውቃል?»

«እኔ። አሁን ደግሞ እርስዎ።»

«ሦስት ወር ዝም ብትዪኝ ኖሮ ጡረታ ወጥቼልሽ ነበር» አሉ። ቀልድ ይሁን አይሁን አላወቅሁም። እሳቸውም ያወቁ አልመሰለኝም።

ሊቆጡ ነው ብዬ ጠበቅኩ። ሽማግሌው ግን ወንበራቸው ላይ ወደኋላ ተደግፈው ያልጠበቅኩትን ጠየቁኝ። «እናትሽ ያረፉ ዕለት ነው፣ አይደል? ስልክ ሲደወልልሽ ለምን ጥለሽ አልሄድሽም? የዘር መዓት አለን። ብትነግሪኝ ሂጂ እልሽ ነበር እኮ።»

«አልነገርኩዎትም።»

«ለምን?»

«ሂጂ እንዳይሉኝ።»

ይህን ከአፌ እስኪወጣ ድረስ አላውቀውም ነበር። ፈርቼ ነበር። እናቴ ስትሞት ማየት ፈርቼ አርባ ደቂቃ ሙሉ ጠረጴዛ ስጠርግ፣ ምላጭ ስደረድር፣ አበባ ሳጠጣ ነበር። ዘሩ ሰበብ ነበር። ሰበብ ያደረግኩትን ዘር እንኳ በቅጡ አላየሁትም።

ፕሮፌሰሩ ከመሳቢያቸው ለአቶ ግን የተዘጋጀውን ፖስታ አውጥተው ቀደዱት። «ለእሱ ግን ራስሽ ንገሪው። እኔ አልነግርልሽም» አሉኝ።

ነገርኩት። ቆሞ ሰማኝ። «ፅንሱን መርሳትሽ ምንም አይደል፣ ሰው ይሳሳታል» አለ። «ቱቦውንም ልተወው። ግን ይቅርታ ስጠይቅሽ ምንም አይደል አልሽኝ።» ወጥቶ ሄደ።

ታኅሣሥ 17፣ ረቡዕ

ሊታተም የነበረው ጽሑፍ ተነሥቷል። የጉባኤው ንግግርም ቀርቷል። እኔ ከማይክሮስኮፑ ተነሥቼ ለጊዜው መዝገብ ክፍል ነኝ፤ ጉዳዬን ኮሚቴ ያየዋል። አዲስ ዘር ከፋች ያቺ ፅንስ ይረሳል ወይ ያለችው ልጅ ሆናለች። እጇ ጥሩ ነው።

የአባትየው ቅጂ ተለይቶ ሲወጣ የቀረው አንድ ተራ ጥድ ነው። ጽሑፉ ረጅም፣ ድግግሞሽ የበዛበት፣ ምንም ተአምር የሌለው።

አቶ ግን ሰላም አይለኝም። ሚስቱ ሴት ልጅ ወልዳለች፤ የሰማሁት ከማስታወቂያ ሰሌዳው ነው። ፕሮፌሰሩ በሻይ ሰዓት ከእሱ አጠገብ ተቀምጠው አየሁ። ሁለቱም አያወሩም፤ ብስኩት ይዘዋል።

ታኅሣሥ 21፣ እሑድ

እትዬ ልብስ እየተኮሰች አገኘኋት። ከቆምኩበት ነገርኳት። ዘሩ የተበላሸ ነበር፣ ዛፉ ድርብ አይደለም፣ የሚታተም ነገር የለም፣ ከሥራም ልሰናበት እችላለሁ አልኳት። «ያን ቀን የቀረሁትም ለሥራው ብዬ አይደለም» አልኩ። «ፈርቼ ነው። ስትሞት ማየት ፈርቼ ነው።»

እትዬ ካውያውን አቆመች። ሶኬቱን ነቀለች። ትጮኽብኛለች ብዬ ጠበቅኩ።

«ለምን ትነግሪኛለሽ?» አለች። «ሆድ ይፍጀው ብለሽ ብትተዪው ምን ነበር?»

«ለሰዉ ሁሉ እያወራሽው እንዴት እተወዋለሁ?»

የተኮሰችውን ሸሚዝ አነሣች፣ አስቀመጠች። «ሚጣ፣ ብትነሺም አትደርሺም ነበር።»

«አሥር ደቂቃ ይተርፈኝ ነበር። አስልቼዋለሁ።»

«አትደርሺም አልኩሽ! ስደውልልሽ አልፋ ነበር።»

አልገባኝም ነበር። እሷም እንዳልገባኝ አየች።

«መኪና እየነዳሽ የምትመጪን ሰው በስልክ እንዴት ሞታለች ልበልሽ? ደክማለች አልኩሽ።»

«ይሁን። በር ላይስ? ግማሽ ሰዓት ነው ያልሽኝ ለምንድን ነው? በስንት ሰዓት ነው ያረፈችው?»

«አላውቅም።»

«እንዴት አታውቂም? አብረሻት ነበርሽ።»

«ጸጉር ቤት ነበርኩ» አለች እትዬ።

እማዬ ተኝታለች ብላ ወጣች። ጸጉር ቤቱ ወረፋ ነበረው። ጸጉሯ ተጠቅልሎ ማድረቂያው ካስክ ሥር ስትቀመጥ አንድ ጊዜ ልደውልና ልያት ብላ አስባ ነበር፣ እንቅልፏን እንዳትረብሻት ተወችው። ስትመለስ የእማዬ እጅ ቀዝቅዟል። «ለሰዉ እጇን ይዣት ነበር አልኩ» አለችኝ። «አንቺንም ግማሽ ሰዓት ያልኩሽ እኔ አብሬያት የነበርኩ እንዲመስል ነው። ስድስት ወር ሙሉ ሰው ሁሉ ታድለሽ፣ አንቺ እንኳ አጠገቧ ነበርሽ ይለኛል። ምን ብዬ ልመልስ?»

ተናደድኩ። እጄን ማድረጊያ አጣሁ። «አሥር ደቂቃዬን ስቆጥር እያየሽኝ ዝም አልሽ?»

«ዝም አልኩ። ዛፉ ሲመጣ ጊዜ እፎይ አልኩ። ሚጣስ የምትካስበት አገኘች አልኩ።»

ቀና ብዬ አየኋት። ሁልጊዜ ጸጉሯን በየሳምንቱ የምትሠራ ሴት ነበረች። ሻሽ አስራለች፤ ከሻሹ ሥር የወጣው ሁሉ ሽበት ነው። ከሰኔ ወዲህ እንዲህ እንደሆነች ዛሬ ነው ያየሁት።

«ታዲያ ማን ነበር አብሯት?» አልኳት።

«ማንም።»

እማዬ ብቻዋን ነበረች። ሠላሳ ደቂቃ፣ አርባ ደቂቃ፣ አሥር ደቂቃ እያልኩ ስድስት ወር ስደምርና ስቀንስ፣ በዚያ ክፍል ውስጥ እሷ ነቅታ ማንን ጠርታ ይሆን ብዬ አንድ ጊዜ አላሰብኩም። ዛሬ አሰብኩትና አለቀስኩ። ድምፄ እንግዳ ነበር። እትዬ መጥታ አጠገቤ ወለሉ ላይ ተቀመጠች፤ እስኪመሽ አልተነሣንም።